ለሽያጭ ሙያ ኤምቢኤ ያዋጣል? ከመመዝገብዎ በፊት መሠራት ያለበት ሂሳብ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ ጠያቂው ለድርጅቶች የኢንዱስትሪ ማሽን በመሸጥ 5 ዓመት ሠርተዋል። የዓመት ዕቅዳቸውን አብዛኛውን ጊዜ ያሟላሉ። ገቢያቸው 60 በመቶው ቋሚ ደመወዝ፣ 40 በመቶው ኮሚሽን ነው። በ10 ዓመት ውስጥ የሽያጭ ዳይሬክተር መሆን ይፈልጋሉ። የቅርብ አለቃቸው «ሽያጭ በትምህርት አይመጣም፣ ጊዜህን አታባክን» ይሏቸዋል፤ ቤተሰብ ደግሞ «ሁለተኛ ዲግሪ ሳትይዝ የትም አትደርስም» ይላል። «ሥራዬን ትቼ 2 ዓመት ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ) ልማር ወይስ እዚሁ ልቀጥል?» ነው ጥያቄያቸው።

መልሱን ላስቀድም። በገለጹት ሁኔታ ሥራ ለቅቆ 2 ዓመት መማርን አልመክርም። ሥራ ላይ ሆኖ መማር ግን ጊዜውን ከጠበቀና ቀጥሎ የሚሄዱበት ወንበር ከታወቀ ጥሩ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። አለቃዎም ቤተሰብዎም በከፊል ልክ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ሥራ ነው። አለቃዎ የሚያዩት ዛሬ የሚሠሩትን ነው፤ ለዚያ ዲግሪው እምብዛም አይጨምርም። ቤተሰብዎ የሚያስቡት ወደፊት የሚሾሙበትን ነው፤ እዚያ ዲግሪው አንዳንዴ እንደ ግዴታ ይጠየቃል፣ አንዳንዴ ይረዳል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመለሰው «የትኛውን ወንበር ነው የምፈልገው?» የሚለው ነው።

የኤምቢኤ ትምህርት ከመነሻው የተቀረጸው ሥራ አስኪያጅ ለማፍራት ነው። ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ1908 ይህን ዲግሪ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም የፕሮግራሞቹ መሠረት በየትም ቦታ ይመሳሰላል፦ የሂሳብ አያያዝ፣ ፋይናንስ፣ ማርኬቲንግ፣ ኦፕሬሽን፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስ፣ የሰው ኃይል አመራር፣ ስትራቴጂ። ሽያጭ በግዴታ ኮርስነት የሚሰጥበት ፕሮግራም ጥቂት ነው። ካለም በምርጫ የሚወሰድ ነው፤ ይዘቱም ብዙውን ጊዜ ድርድር ወይም የሽያጭ ቡድን አስተዳደር ነው። የማያውቁት ድርጅት ስልክ ደውሎ ቀጠሮ ማግኘት፣ እምቢ ከተባለ በኋላ በሌላ መንገድ ተመልሶ መሄድ፣ ፕሮፖዛል ተቀብሎ ድምፁን ያጠፋን ደንበኛ መቀስቀስ፣ እነዚህ ክፍል ውስጥ አይገኙም። ጎበዝ አለቃ ቀጠሮው ላይ አብሮ ተቀምጦ፣ ሲወጡ «እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብህ» እያለ ሲያርም ነው የሚዳብሩት።

ለድርጅት ሽያጭ የሚያገለግሉት መመዘኛዎችም የወጡት ከሽያጭ ክፍሎች ነው። ሜዲክ የሚባለው ዘዴ በ1990ዎቹ ፒቲሲ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ የሽያጭ ቡድን ውስጥ ነው የተዘጋጀው። ስለ አንድ ደንበኛ 6 ነገር እንዲታወቅ ይጠይቃል፦ ጥቅሙ በቁጥር ስንት ነው፣ ገንዘቡን የሚፈቅደው ማን ነው፣ በምን መስፈርት ይመርጣሉ፣ ውሳኔው በእነማን እጅ ያልፋል፣ የሚያስጨንቃቸው ችግር ምንድን ነው፣ ውስጥ ሆኖ ስለኛ የሚሟገተው ማን ነው። ዘዴውን ለማወቅ አንድ ሳምንት ይበቃል፤ የቀረው ልምምድ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን 2 ጥያቄዎች ልብ ይበሉ። ጥቅሙን በቁጥር ማሳየትና ገንዘብ ፈቃጁን ማነጋገር ብዙ ጎበዝ ሻጭ የሚደናቀፍባቸው ቦታዎች ናቸው፤ የቢዝነስ ትምህርት ለሻጭ በእርግጥ የሚሰጠው ነገርም ያለው እዚያው ነው።

በምሳሌ እንየው። ትልቅ ማሽን የሚሸጥ ሰው ከግዥ ክፍሉ አልፎ የፋይናንስ ኃላፊው ፊት ሲቀርብ ጥያቄው ይለወጣል፤ ስለ ማሽኑ ጥራት ማውራቱ ይቀርና «ገንዘባችንን መቼ ይመልሳል?» ይሆናል። የማሽኑ ዋጋ 800,000 ይሁን። በዓመት 250,000 ወጪ ይቆጥባል፣ የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው። ብዙ ሻጭ 250,000ን በ5 ያባዛና «450,000 ታተርፋላችሁ» ብሎ ያቀርባል። የፋይናንስ ኃላፊው እንዲህ አያሰላም። ከዓመታት በኋላ የሚገኝ ገንዘብ ዛሬ እጅ ላይ ካለ ገንዘብ ያንሳል። ድርጅቱ ከሚያወጣው ገንዘብ በዓመት 12 በመቶ የሚጠብቅ ከሆነ የ5ቱ ዓመት ቁጠባ የዛሬ ዋጋ 901,000 ገደማ ነው። 450,000 የተባለው ትርፍ ወደ 101,000 ወረደ። የዓመቱ ቁጠባ 220,000 ብቻ ቢሆን ደግሞ የዛሬ ዋጋው 793,000 ይሆናል፤ ግዥው አከሰረ ማለት ነው። በቁጠባው ግምት ላይ የተፈጠረ የ12 በመቶ ስህተት አዋጩን አክሳሪ አደረገው። ኃላፊውን የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ሻጩ ግን «ዋጋው ተወደደባቸው» ብሎ ቅናሽ ለማስፈቀድ ወደ አለቃው ይሮጣል።

ስሌቱን የሚያውቅ ሻጭ ሌላ መንገድ አለው። ዋጋውን ሳይነካ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከ1 ዓመት በኋላ እንዲከፈል ያቀርባል። የዘገየው 400,000 ለገዢው በ12 በመቶ ሲሰላ ዛሬ 357,000 ገደማ ነው። ዕዳው በ43,000 ያህል ቀለለለት፤ ቁጠባው 220,000 ቢሆን እንኳ ግዥው ወደ አዋጭነት ተመለሰ። የሻጩ ድርጅት ገንዘብ የሚያገኘው በ8 በመቶ ከሆነ ደግሞ 1 ዓመት መጠበቁ የሚያስወጣው 30,000 ገደማ ነው። ለገዢው 43,000 የሚያወጣ ነገር በ30,000 ተሰጠ። ያንኑ ጥቅም በቅናሽ መስጠት ሙሉውን 43,000 ያስወጣ ነበር፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ቅናሹ ለሚቀጥለው ግዥ መነሻ ዋጋ ሆኖ መቅረቱ ነው።

እርግጥ ክፍያ ከመዘግየቱ በፊት ገዢው መክፈል መቻሉ መታየት አለበት። ለዚህም የድርጅቱን የሂሳብ መግለጫ ማንበብ ይጠይቃል። የዓመት ሽያጩ 120 ሚሊዮን ሆኖ ያልተሰበሰበ ሂሳቡ 30 ሚሊዮን ከሆነ፣ 30ን ለ120 አካፍሎ በ365 ማባዛት 91 ቀን ይሰጣል። ድርጅቱ ከደንበኞቹ ገንዘቡን ለመሰብሰብ በአማካይ 3 ወር ይፈጅበታል ማለት ነው። በ30 ቀን እንዲከፍል የሚያስገድድ ውል ከተፈረመ ምን እንደሚከተል መገመት አይከብድም።

የቅናሽ ነገር ከተነሳ አንድ ስሌት ልጨምር፤ እያንዳንዱ ሻጭ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ። በ100 የሚሸጥ ዕቃ ለድርጅቱ የሚያስወጣው 70 ከሆነ ጥቅል ትርፉ 30 ነው። 10 በመቶ ቅናሽ ሲሰጥ ትርፉ 20 ይሆናል። ያንኑ 30 ለማግኘት 1 ይሸጥ የነበረው 1.5 መሸጥ አለበት፤ የ10 በመቶ ቅናሽ ለማካካስ የ50 በመቶ ተጨማሪ ሽያጭ ማለት ነው። ኮሚሽኑ በሽያጭ ገቢ ላይ የሚታሰብ ሻጭ ከዚያ ቅናሽ የሚጎድልበት ከኮሚሽኑ 10 በመቶ ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ አይሰማውም። የሽያጭ ዳይሬክተር የሚሆን ሰው ግን እንዲህ ያለውን የኮሚሽን ሥርዓት ራሱ ነው የሚቀርጸው፣ የሚያርመውም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን የ1 ወይም የ2 ኮርስ ይዘት ነው፤ ለዚህ ብቻ ሙሉ ዲግሪ መያዝ አያስፈልግም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የፋይናንስ ክፍተቱን ለመሙላት ብሎ ከ12 በላይ ኮርስ ያለው ፕሮግራም ይገዛል።

ሙሉው ትምህርት ትርጉም የሚኖረው ሥራው ከመሸጥ ወደ ማቀድ ሲዞር ነው። የሽያጭ ዳይሬክተር ቀኑን የሚያሳልፈው በምን እንደሆነ ተመልከቱ። የዓመቱ ዕቅድ 24 ሚሊዮን፣ የአንድ ሽያጭ አማካይ መጠን 400,000 ከሆነ 60 ሽያጭ መዘጋት አለበት። ከ4 ዕድል፣ ማለትም ሊገዙ ከሚችሉ 4 ደንበኞች፣ 1 ብቻ የሚሳካ ከሆነ 240 እውነተኛ ዕድል ያስፈልጋል። አንድ ሻጭ በዓመት 30 ዕድል በአግባቡ መያዝ ከቻለ 8 ሻጭ ይበቃል። በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን በዓመቱ መጀመሪያ 2 ሻጭ ቢለቁና ተተኪው ተቀጥሮ፣ ሥራውን ለምዶ መሸጥ እስኪጀምር 8 ወር ቢፈጅ ከ96 የሰው ወር (8 ሻጭ በ12 ወር) ውስጥ 16ቱ ባዶ ይሆናል። 40 ዕድል ሳይነካ ቀረ፤ 10 ሽያጭ ጠፋ፤ ከዕቅዱ 4 ሚሊዮን ጎደለ። ይህን በጥር አስልቶ ለበላይ አመራሩ «ወይ 2 ሰው ጨምሩልኝ፣ ወይ ዕቅዱን ወደ 20 ሚሊዮን እናውርድ» ማለት የሚችል ሰውና በመስከረም «ሰው ለቀቀብኝ» ብሎ የሚያስረዳ ሰው እኩል አይታዩም። ለዚህ ሥራ ስታቲስቲክሱም፣ ኦፕሬሽኑም፣ የሰው ኃይል አመራሩም ይጠቅማል። የአካባቢ ክፍፍል፣ የኮታ አደላደል፣ የኮሚሽን አወቃቀር፣ የሩብ ዓመት ትንበያ፣ ከምርትና ከፋይናንስ ክፍል ጋር የሚደረግ ክርክር፣ ሁሉም ያው ነው።

ዘርፉም ይወስናል። እንደ እርስዎ ባለ ረጅምና ትልቅ ሽያጭ፣ በሕክምና መሣሪያና በድርጅት ሶፍትዌር ዲግሪው ከሥራ አስኪያጅነት በላይ ባለው እርከን ይቆጠራል። ትልልቅ የፍጆታ ዕቃ አምራቾች የኤምቢኤ ምሩቃንን ለብራንድና ለቁልፍ ደንበኞች ኃላፊነት በቀጥታ ይቀጥራሉ። በአማካሪ ድርጅቶች ሥራ የሚያመጡት ከፍተኛ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ ዲግሪው የተለመደ ነው። በመድን፣ በቤት፣ በተሽከርካሪ ሽያጭ የሚቆጠሩት ፈቃድ፣ የትውውቅ መረብና ውጤት ናቸው። በጀማሪ ኩባንያ ደግሞ ቁጥርዎን ያያሉ እንጂ ዲግሪዎን አያዩም።

ይህን በግምት መተው የለብዎትም፤ በአንድ ከሰዓት የሚጣራ ነገር ነው። ሊደርሱበት የሚፈልጉትን ወንበር ዛሬ የያዙ 20 ሰዎች ሊንክዲን ላይ ይፈልጉ፤ በዘርፍዎ፣ በሚያስቡት ዓይነት ድርጅት ያሉትን። ለእያንዳንዳቸው 2 ነገር ይመዝግቡ፦ ኤምቢኤ አላቸው ወይ? ካላቸው የያዙት ከሹመቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከግማሽ በላይ የሆኑት ከሹመት በፊት ከያዙት ዲግሪው በር ነው፣ ያለሱ ማለፍ ይከብዳል። አብዛኛው ከሹመት በኋላ ከሆነ የያዘው ድርጅቱ የከፈለላቸው ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ሹመቱን ማግኘት ይሻላል። ዲግሪው ያላቸው ከ5 በታች ከሆኑ ገንዘብዎን ሌላ ቦታ ያውሉት። ማንም ከሚሰጥዎ አስተያየት ይልቅ ይህ ቆጠራ ይታመናል፤ የኔንም ጨምሮ።

አሁን ወደ ወጪው። የዛሬ የዓመት ገቢዎን 100 እንበለው፤ 60 ደመወዝ፣ 40 ኮሚሽን። ሥራ ለቅቀው 2 ዓመት ቢማሩ 200 ገቢ ይቀራል። የትምህርት ክፍያውና ተያያዥ ወጪው 120 ይሁን። ተመልሰው ሥራ ሲይዙ ደንበኞችዎ በሌላ ሰው እጅ ስለሆኑ አዲስ ዝርዝር እስኪገነቡ የግማሽ ዓመት ኮሚሽን ይጎድላል፤ 20። ድምሩ 340 ነው። ሰዎች ሲያስሉ የሚያዩት ግን 120ዋን ብቻ ነው።

በሌላ በኩል ሳይማሩ ቢቀጥሉ ገቢዎ 110 ይደርስ ነበር፣ ተምረው 130 ያገኛሉ ብለን እንውሰድ። ልዩነቱ በዓመት 20 ነው። 340ን ለመመለስ 17 ዓመት ይወስዳል። የገንዘብ የጊዜ ዋጋ 8 በመቶ ሆኖ ከታሰበ ደግሞ ጭራሽ አይመለስም፤ በየዓመቱ ያለማቋረጥ የሚገኝ 20 የዛሬ ዋጋው 250 ብቻ ነውና። ሥራ ትቶ መማር የሚያዋጣው ልዩነቱ ከዚህ በጣም ሲሰፋ ነው፦ ዘርፍ ሲለወጥ፣ ከሽያጭ ወደ አማካሪነት ወይም ወደ ጠቅላላ አስተዳደር ሲዞር፣ ወይም አሁን ያለው ገቢ በጣም ዝቅተኛ ሲሆን። የ1 ዓመት ሙሉ ጊዜ ፕሮግራም ያላቸው ትምህርት ቤቶችም አሉ፤ ኢንሲያድ ለምሳሌ በ10 ወር ያስመርቃል። ይህ የቀረውን ገቢ በግማሽ ይቀንሰዋል፤ የደንበኞች መጥፋት ግን እንዳለ ነው።

ሥራ ላይ ሆነው ቢማሩስ? ክፍያው 80፣ በጥናት ምክንያት በ2 ዓመት ተኩል የሚጎድለው ኮሚሽን 20 ቢሆን ድምሩ 100 ነው። በዚያው የ20 ልዩነት 5 ዓመት ይበቃል፤ በ8 በመቶ ሲሰላ ከ6 ዓመት ተኩል ትንሽ ያልፋል። ድርጅቱ ግማሹን ክፍያ ቢሸፍን ወጪው 60 ይሆናል፤ መመለሻውም ያለ ወለድ 3 ዓመት ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ የራስዎን ያስገቡ። በተለይ የ20ው ልዩነት ከየት እንደሚመጣ ስም ይስጡት፦ የትኛው ሹመት፣ በየትኛው ድርጅት፣ በስንት ደመወዝ። ስም ሊሰጡት ካልቻሉ ልዩነቱን ዜሮ አድርገው ያስሉት።

ለሻጭ ብቻ የሚገጥም አንድ አደጋ አለ፤ ሌላ ሙያ ላይ ያለ አማካሪ አያነሳልዎትም። በብዙ የኮሚሽን ውሎች ኮሚሽን «ተገኘ» የሚባለው ደንበኛው ሲፈርም ብቻ አይደለም፤ ሲከፍል ነው፣ ሻጩም ያኔ ሥራ ላይ መኖር አለበት። 9 ወር የደከሙበት ሽያጭ እርስዎ ከለቀቁ ከ3 ሳምንት በኋላ ቢከፈል ምንም ላያገኙ ይችላሉ። ደንበኛው ውሉን ቢያፈርስ የተከፈለ ኮሚሽን ተመላሽ የሚሆንበት አንቀጽም አለ። ስለዚህ የመልቀቂያ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የኮሚሽን ውሉን ያንብቡ፣ በእጅዎ ያሉትን ሽያጮች ከሚጠበቀው የክፍያ ቀን ጋር ይዘርዝሩ፣ የመልቀቂያውን ቀን በዚያ ይወስኑ። ድርጅቱ ትምህርቱን የሚከፍል ከሆነም የግዴታ አገልግሎቱ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ ቀድመው ቢለቁ የሚመልሱት ሙሉውን ይሁን ወይስ በቀረው ጊዜ ልክ፣ ድርጅቱ ራሱ ቢያሰናብትዎ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይያዙ። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከሥራ የተሰናበተ ሰው ዕዳም ተሸክሞ ሲወጣ ያማል።

ብድር ተበድሮ መማር ለኮሚሽን ሠራተኛ ከሌላው ይከብዳል። ክፍያው በየወሩ እኩል ነው፣ ገቢው ግን አይደለም። የወር ክፍያው ያለ ኮሚሽን፣ በቋሚ ደመወዙ ብቻ የሚሸፈን ካልሆነ አይበደሩ።

ሥራ ላይ ሆኖ መማር በተግባር የሚፈርሰው በቀን መቁጠሪያ ነው። ሽያጭ የሚዘጋው በሩብ ዓመቱ መጨረሻ 2 ሳምንት ነው፤ የማጠቃለያ ፈተናም ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ይወድቃል። ከመመዝገብዎ በፊት የትምህርት ቤቱን የዓመት መርሐ ግብር ይጠይቁና ከድርጅትዎ የመዝጊያ ቀኖች ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በዓመቱ የመጨረሻ ሩብ 1 ኮርስ ብቻ፣ በቀዝቃዛው ሩብ 2 ኮርስ መውሰድ ይፈቀዳል ወይ? ለአንድ ኮርስ በሳምንት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይመድቡ። በቡድን የሚሠሩ ሥራዎች ከግል ጥናቱ በላይ ያስቸግራሉ፤ ስብሰባው የሚጠራው እርስዎ ደንበኛ ዘንድ ባሉበት ሰዓት ነው። ለመግቢያ ጂማት ከተጠየቀ ፈተናው 64 ጥያቄ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ዝግጅቱን ዕቅድዎን ከዘጉ በኋላ ባለው ሩብ ዓመት ያድርጉት።

ከምርጫ ኮርሶች ድርድርን፣ የዋጋ አወጣጥን፣ የሂሳብ መግለጫ ትንተናንና የሽያጭ ቡድን አስተዳደርን ያስቀድሙ። የማርኬቲንግ ኮርሶችን መደራረብ ለሻጭ ደስ ይላል፣ ቀላልም ነው፤ ግን የሚያውቁትን ደግሞ መማር ነው። የሚያስፈራዎትን ኮርስ ይውሰዱ። የሥራ አስኪያጆች ኤምቢኤ የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ በአመራር ላይ ላሉ ሰዎች ነው፤ ቡድን መምራት ሳይጀምሩ ቢገቡበት ዋናው ጥቅሙ፣ ከእኩዮች ጋር የሚደረገው የልምድ ልውውጥ፣ ያልፍዎታል።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ዕውቅናውን ይመልከቱ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቁት ዕውቅና ሰጪዎች 3 ናቸው፦ ኤኤሲኤስቢ፣ ኢኩዊስና አምባ። ዕውቅና የሌለው ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ግን በዓለም አቀፍ ድርጅት መሥራት የሚያስብ ሰው ይህን ማጣራት አለበት። ከዚያ በኋላ የምሩቃን የቅጥር ሪፖርቱን ይጠይቁ። አማካይ ደመወዙን ለጊዜው ይተዉትና እነዚህን ይፈልጉ፦ ከምሩቃኑ ስንት በመቶው መረጃ ሰጠ? ስንቱ በምርቃት ዕለት፣ ስንቱ በ3 ወር ውስጥ ሥራ አገኘ? ስንቱ ወደ ሽያጭና ቢዝነስ ልማት ገባ? አማካዩ ከፍ ያለው ብዙዎቹ ወደ አማካሪነትና ፋይናንስ ስለሄዱ ከሆነ ያ ቁጥር እርስዎን አይመለከትም። ሪፖርት የለንም ካሉ ያ ራሱ መልስ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ አዲስ ደንበኛ መፈለግ የሰለቸው ሰው ትምህርትን መሸሻ ሲያደርገው። ከምርቃት በኋላ ወደ ሽያጭ ከተመለሰ የሚጠብቀው ያው ስልክ ነው፤ መልሱ የሥራ ዓይነት መቀየር ነበር። ሁለተኛ፣ ከድርጅቱ ጋር ምንም ሳይነጋገሩ ተምሮ ወደዚያው ወንበር መመለስ። ዲግሪ በራሱ ደመወዝ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ወንበር ሲቀየር ነው። ሦስተኛ፣ የክፍል ቋንቋን ደንበኛ ፊት ማምጣት። የማሽን ክፍል ኃላፊው የሚፈልገው ማሽኑ ሲቆም በስንት ሰዓት እንደሚጠገን ነው፤ የስትራቴጂ ሰንጠረዥ ሲቀርብለት ሻጩን መስማት ያቆማል። ዝቅተኛ እርከን ላይ ደግሞ ቀጣሪው «ይህ ሰው አይቆይም» ብሎ ዲግሪ ያለውን ሊተወው ይችላል።

በቆጠራው ዲግሪው በር ሆኖ ካልተገኘ የሚመክሩኝ ምንድን ነው ቢሉ፣ ክፍተቱን በቀጥታ ይሙሉት። ለሥራ አስኪያጆች የሚሰጥ አንድ የፋይናንስ ኮርስና አንድ የድርድር ኮርስ ይውሰዱ። የ5 ትልልቅ ደንበኞችዎን የሂሳብ መግለጫ አግኝተው ከፋይናንስ ክፍልዎ ሰው ጋር ተቀምጠው ያንብቡ። ከላይ ያለውን የማሽን ስሌት በኤክሴል ሠርተው ለሚቀጥለው ፕሮፖዛል ይጠቀሙበት፤ የቁጠባው ቁጥር ግን ከደንበኛው አፍ የወጣ ይሁን፣ እርስዎ የገመቱትን ማንም አያምንም።

ይህን ሁሉ ይዤ ለእርስዎ የምለው እንዲህ ነው። ቀጣዮቹን 12 ወራት ቡድን የመምራት ዕድል ለማግኘት ያውሏቸው። አለቃዎ አዲስ ለተቀጠረ ሻጭ አሠልጣኝ እንዲያደርጉዎት ይጠይቁ፤ የቡድኑን የሩብ ዓመት ትንበያ እርስዎ እንዲያዘጋጁ ያቅርቡ፤ ትንበያዎ ከውጤቱ በስንት በመቶ እንደራቀ በየሩቡ ይመዝግቡ። በዚያው ዓመት የ20 ሰዎቹን ቆጠራ ይሥሩ፣ የኮሚሽን ውልዎን ያንብቡ፣ የድርጅቱን የትምህርት ድጋፍ መመሪያ ከሰው ኃይል ክፍል ይውሰዱ። ቡድን መሪ ከሆኑና ቆጠራው ዲግሪውን የሚደግፍ ከሆነ ከአለቃዎ በላይ ካለው ኃላፊ ጋር ቀጠሮ ይያዙና አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ሥራዬን ሳላቋርጥ ኤምቢኤ ብይዝ በ3 ዓመት ውስጥ የትኛውን ኃላፊነት ልወዳደርበት እችላለሁ? ድርጅቱስ ከክፍያው ምን ያህል ይሸፍናል?» የኃላፊነቱ ስምና የሚሸፈነው መጠን በግልጽ ከተነገረዎ ይመዝገቡ። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ተማር» ብቻ ከተባሉ በዚያው ሳምንት ያንኑ ጥያቄ የትኛው ሌላ ድርጅት በግልጽ እንደሚመልስልዎ መፈለግ ይጀምሩ።